ፋንታ ግባ

ወይንእሸት ከሞጣ ቢቸና ድረስ የሄደችው የሰው ዋይፋይ ልትቆልፍ ነው። ሥራዋ ይኸው ነው። ሆቴል ይሁን ክሊኒክ፣ የጠራት ዘንድ ትሄድና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሳጥን ከላፕቶፕዋ ጋር አገናኝታ ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይቅር ትወስናለች። ለደንበኛ ሁሉ የምትሰብከው አንድ ስብከት አላት። «ፓስወርድ የልጅ ስም አይሆንም፤ የሠርግ ቀን አይሆንም፤ ሰፈር የሚያውቀው ነገር አይሆንም» ትላለች፣ ጣቷን ቀስራ። የራሷ ቤት ፓስወርድ ግን እስከ ዘንድሮ ፋሲካ ድረስ የሠርጓ ቀን ነበር። መካሪ ለራሱ ሲሆን ጆሮው ይደፈናል።

የዚያን ቀን የጠሯት ወይዘሮ ዘርፈሽ ናቸው፣ ከቢቸና መናኸሪያ ዝቅ ብሎ ያለው ፔንሲዮን ባለቤት። ጠሯት ማለትም ያስቸግራል። የደወሉት ለወንድሟ ለዘመነ ነው፤ ወይንእሸት የምትሠራው እሱ ሞጣ በከፈተው የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ነው። «ሰው ላክልኝ» አሉት። ዘመነ ደግሞ ከእህቱ ሌላ የሚልከው ሰው የለውም። ወይንእሸት ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። ወይዘሮ ዘርፈሽ የባሏ የፋንታ አክስት ናቸው፤ ፋንታ ደግሞ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ድሮ ቢሆን ገና ከበራፉ «ወይንዬ!» ብለው እቅፍ አድርገው ጉንጯን ያገላብጡት ነበር። አሁን እጃቸውን ዘረጉላት።

«እንደምን ዋሉ» አሏት።

አንቱ! በሠርጓ ቀን በእልልታ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የጮኹላት ሴትዮ አንቱ አሏት። ወይንእሸት በጥፊ የተመታች መሰላት።

«እትዬ ዘርፈሽ፣ እኔኮ ወይንእሸት ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም?»

ወይንእሸት ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ችግሩን ለማየት ግን መጠየቅም አያስፈልግም። የፔንሲዮኑ ግንብ ሥር ሰው እንደ ዕድር ተደርድሯል፤ ባጃጁን ያቆመ ሾፌር፣ ከገበያ የምትመለስ ሴት፣ ደበሎ የለበሱ ሁለት የቅኔ ተማሪዎች ሳይቀሩ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ወይዘሮ ዘርፈሽ ፓስወርዱን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። «ውሃና ዋይፋይ ለጠማው አይከለከልም» ነው የሚሉት። ከፍለው ያደሩት እንግዶች ግን አንዲት ፎቶ ለመላክ ግማሽ ቀን እየፈጀባቸው መማረር ጀምረዋል።

ነጩ ሳጥን ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰቅሏል፤ ተንጋዶ። የሰቀሉት እሷና ፋንታ ነበሩ፣ ከተጋቡ በዓመቱ። ፋንታ መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ሲበሳ እሷ ከታች «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» ትለዋለች፤ እሱ እየሳቀ ወደ ግራ ይሄዳል። ተንጋዶ ሲቀር «ሰው ሲያልፍ እኔን ያስታውስ» አለ። ይኸው ታስታውሰዋለች። መሰላሉን በያዘች ጊዜ ከፊቷ የነበረው እግሩ፣ የሸራ ጫማው፣ የካልሲው ቀዳዳ ሳይቀር ትዝ አላት። ናፈቃት። በሌላ ቃል ማስጌጥ አይቻልም፤ ናፈቃት።

ፋንታ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። የቢቸናን ጤፍ ወደ ሞጣ፣ የሞጣን ሸቀጥ ወደ ቢቸና ያመላልሳል። ሞጣ ያለው ቤታቸው ከዋናው መንገድ በምትገነጠል ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፤ አይሱዙው ስለማያልፍ መግቢያው ላይ ያቆመዋል። ጥሩምባ መንፋት ደግሞ አይወድም። «ባሏ መጣ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ልቀስቅስ እንዴ?» ይላል። ስለዚህ ወይንእሸት የቤታቸውን ሳጥን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው፣ ጉልበቱ እስከ መንገዱ መግቢያ እንዲደርስ። የእሱ ስልክ የቤቱ ዋይፋይ ውስጥ በገባ ቁጥር የእሷ ስልክ፣ የትም ብትሆን፣ እንደ ወፍ እንዲጮህም አደረገች። ወፏ ስትጮህ ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። ወዲያው «ደርሻለሁ» የምትል መልእክት ትመጣለች፤ ከዚያች ቃል በላይ ጽፎ አያውቅም። ሸራውን አጥብቆ፣ ካቢናውን ቆልፎ እስኪገባ ወጡ ይሞቃል። ከሁለቱ ሌላ ማንም የማያውቀው ደወል ነበራቸው።

ከዚያ መንገዱ ከፋ፤ ሰው ማለዳ ወጥቶ ማታ መግባቱን የማያውቅበት ሰሞን መጣ። ፋንታ «ጭነት አለ፣ እሄዳለሁ» አለ። ለመነችው፤ አልሰማትም። አለቀሰች፤ አልሰማትም። በመጨረሻ ፍርሃቷ ቁጣ ሆነና «ከሄድህ ዳግመኛ እዚህ ቤት እንዳትገባ!» ብላ ጮኸችበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፋንታ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ።

የፈራችው አልደረሰበትም፤ ደህና መሆኑን በሰው በሰው ሰማች። ግን ቃሏን እንደ ያዘ ቀረ፤ ስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። ዘመነ «ሽማግሌ ላኪበት» ቢላት «እሱ ይላክ» አለች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ፤ ከአንድ የእልህ ባሕር የተቀዱ ነበሩ። አንድ ነገር ግን ሳትነካ አቆየች፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ። ጎረቤት ሁሉ የሠርጓን ቀን ስለሚያውቅ እንደ ልቡ ይጠቀምበታል፤ እሷም እያወቀች ዝም ትላለች። ፓስወርዱ ከተለወጠ የፋንታ ስልክ ቤቱን አያውቀውም፤ ወፏም አትጮህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኳን ትራሷ አጠገብ አድርጋ ተኛች።

ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል ብሎ ልቧ ነገራት። ማን እንደነገረው እንጃ። መንገዱም ተሽሎታል፣ ኔትወርኩም ተመልሷል፣ ጾሙም ተፈቷል፤ ምን ሰበብ ቀረው? ዶሮውን ሠርታ፣ ቤቱን አሰማምራ ጠበቀች። ወፏ አልጮኸችም። በበዓሉ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ወይንእሸት ዶሮውን እንደ ከደነችው ላፕቶፕዋን ከፈተች። ፓስወርዱን ለወጠች። ያም አልበቃትም፤ በስም ከተመዘገበ ስልክ በቀር ሳጥኑ ማንንም እንዳያስገባ አዘዘችውና የራሷን ስልክ ብቻ መዘገበች። «እንካ!» አለች ለግድግዳው። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ይህ ከሆነ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ አሁን የፔንሲዮኑ ኮሪደር ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የወይዘሮ ዘርፈሽን ሳጥን ትመረምራለች። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደ መጣ ነው፤ ወትሮ ቢሆን ትስቅ ነበር። መስመሩን ያጨናነቀው ማን እንደሆነ ለማየት የገቡ ስልኮች የሚታዩበትን ገጽ ከፈተች። እያንዳንዱ ስልክ እንደ ጣት አሻራ የራሱ የሆነ መለያ ቁጥር አለው፤ ገጹ በዚያ ተሞልቷል። ቁልቁል ስታይ፣ ስታይ፣ አንዱ ቁጥር ላይ ደረሰች።

ያን ቁጥር ታውቀዋለች። ወፏን ያስተማረች ዕለት በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። የፋንታ ስልክ፣ ያቺ መስታወቷ የተሰነጠቀች፣ «ገና ትሠራለች» እያለ አልጥልም ያላት። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የገባችው በዳግም ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ነው።

«እትዬ» አለች፤ «ፋንታ እዚህ ነበር?»

ወይዘሮ ዘርፈሽ አንሶላ ሲያጥፉ ነበር። አንሶላውን አስቀመጡት።

«ዛሬ ጠየቁ?»

«በድንግል ይዤዎታለሁ፣ ይንገሩኝ!»

«ነበረ እንጂ! የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ መጣ። የደጀን ሰው መኪና ይነዳል። ‹አክስቴ፣ በቃኝ፤ ቤቴ እገባለሁ› አለኝ። እልል ብዬ ነው የሸኘሁት። እሑድ ከደጅሽ ደረሰ፤ ሰኞ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። አንጀትሽ እንዴት ቻለ፣ አንቺ ልጅ?» ቁጣው አንቱታውን አስረሳቸው።

«ማንም አላንኳኳም! እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርሁ!»

«ምን ብሎ ያንኳኳል? ስልኩ አልገባም አለው። ‹ድሮ ሞተሩን ሳላጠፋ ነበር የምትቀበለኝ፤ ደጋግሜ ብሞክር መለሰችኝ› አለ። እኔም ‹ታዲያ ወርደህ በሩን አትመታም፣ አንተ ግትር!› አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ያን ቀን አትግባ ያለችኝ በቁጣ ነው። ቁጣ ያልፋል እያልሁ ነው የኖርሁት። ይህን ግን ሰው በቁጣ አይዘጋም፤ ቁጭ ብላ፣ አስባ ነው የዘጋችኝ።›»

ወይንእሸት ከበርጩማው ተነሣች። «ይህንንም በቁጣ ነው የዘጋሁት!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ በአምላክ ስም፣ ይህንንም በቁጣ ነው!»

ኮሪደሩ ውስጥ ያለፈ አንድ እንግዳ ዘወር ብሎ አያት። ወይዘሮ ዘርፈሽ መጥተው አቀፏት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ወይንእሸት ያዘለችውን ሁለት ዓመት ሁሉ ትከሻቸው ላይ አራገፈችው።

ስታባራ «ቁጥሩን ይስጡኝ» አለች።

ወይዘሮ ዘርፈሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጊዮርጊስ አስምሎኛል። ቁጥሬን እንዳትሰጫት፣ ቃሏንም እንዳታደርሺልኝ ብሎ አስማለኝ፤ እኔም ሞኟ ማልሁ። የጊዮርጊስን መሐላ ማን ያፈርሳል?»

ማንም አያፈርስም። ቢቸና ውስጥ በጊዮርጊስ የማለ ሰው አንገቱ ቢቀላ አይናገርም፤ ወይንእሸትም ይህን ስለምታውቅ አልገፋችም። ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑ እንደ ተከፈተ ነው፤ የፋንታ ስልክ መለያ ከመሐል ይታያል። አተኩራ አየችው።

«እትዬ፣ ተመልሶ ይመጣል?»

«መንገዱ በዚሁ ነው። ሲያልፍ እኔ ዘንድ ሳይቆም አያልፍም።»

«እኔ ራሴ ብጽፍለትስ? ሳጥንዎ ላይ?»

ወይዘሮ ዘርፈሽ አሰቡበት፤ ሕግ እንደሚተረጉም ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡበት። «ግንቡ የእኔ ነው፣ ቃሉ ያንቺ። እኔ ምኑንም አላደረስሁ። ጻፊ።»

የዋይፋይ ስም ስልክ ያነሣ ሁሉ የሚያየው ነገር ነው፤ በመናኸሪያው የሚያልፍ፣ ቢቸናን የረገጠ ሁሉ ያነበዋል። ወይንእሸት ስለ ባሏ ለወንድሟ እንኳ ትንፍሽ የማትል ሴት ናት። ያም ሆኖ «ፋንታ ያን ጊዜ በቁጣ ነው ይቅር በለኝ» ብላ ጻፈች። ሳጥኑ አልቀበልም አለ፤ ረዘመበት። የዋይፋይ ስም አጭር ነው፣ ሐተታ አይወድም። አጠፋችና እንደገና አሰበች። ፋንታ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞ የዞረው አንዲት ቃል ናት፤ እንዳትገባ። እንግዲህ የዚያች ቃል መድኃኒት ምንድን ነው?

«ፋንታ ግባ» ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ተቀበለ።

በዚህ አዲስ ስም ላይ ቁልፍ አላደረገችም፤ የግንቡ ሥር ሰው ሁሉ በእሱ ይጠቀም ብላ ክፍት ተወችው። ለመኝታ ክፍሎቹ ለብቻው አዲስ መስመር ከፍታ በጠንካራ ፓስወርድ ቆለፈችው። የቀረው የድሮው ስም ነው፣ የፋንታ ስልክ የሚያውቀው። እዚህ ላይ አመነታች። ከተወችው ስልኩ ሲደርስ በራሱ ይገባል፤ በራሱ የገባ ሰው ደግሞ ምን ስም አለ ብሎ አይፈልግም። ካጠፋችው ስልኩ ግራ ይጋባል፤ ፋንታም ምን ነካው ብሎ ማየቱ አይቀርም፤ ያኔ ስሙን ያነባል። ወይም ደግሞ ሁለተኛም ተዘጋብኝ ብሎ መሪውን ያዞራል። ወይንእሸት አማተበችና አጠፋችው።

ማታ ሞጣ እንደ ገባች የቤቷን ሳጥን መዝገብ ከፈተች። የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ምሽት አካባቢ፣ ያው ቁጥር፤ ጠየቀ፣ ተከለከለ። ጠየቀ፣ ተከለከለ። በዚያች ሰዓት እሷ ከዚያ ሳጥን ሥር ተቀምጣ ልብስ ታጥፍ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ፤ ያም ሆኖ ክልከላውን አነሣች፣ የሠርጓን ቀንም መልሳ ፓስወርድ አደረገች። ደንበኞቿ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ይበሉ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የአሁኑ መጠበቅ ከድሮው ይከፋል፤ ድሮ ጥፋቱ የእሱ ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽ አልፎ አልፎ ይደውላሉ። «ያንቺ ስም ሰላም ነስቶኛል» ይላሉ እየሳቁ፤ «መንገደኛው ሁሉ ፋንታ ገባ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ቢቸግረኝ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስመጣሁ።» ወይንእሸት ትስቃለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ጸጥታው ይብስባታል። ሴት ባሏን በሞት ብታጣ ታለቅሳለች፣ ትጽናናለች፤ በሕይወት ያለን ሰው፣ በየመንገዱ የሚያልፍን ሰው መናፈቅ ግን ማልቀሻም ማረፊያም የለው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ወይንዬ፣ ቁጥር አትስጪ፣ ቃል አታድርሺ ተባልሁ እንጂ ያየሽውን አትናገሪ አልተባልሁም። አንድ የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ስልኩን ያያል፣ ቀና ብሎ ግንቤን ያያል፣ ደግሞ ስልኩን ያያል።»

«አልወረደም?»

«አልወረደም። መሪው ላይ ተደፍቷል። የሚያለቅስ መሰለኝ።»

«ያዙልኝ እትዬ! መጣሁ!»

ሱቁን ለዘመነ ጥላ፣ ቤቷን ቆልፋ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይነቃነቅም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል፤ አንዱ ሲገባ አሁንም አንድ ሰው ብቻ ነው። ወይንእሸት መቀመጫው ላይ ቁጭ ብድግ አለች። ሲሞላና ሲነሣ ፀሐይዋ ከአናት ደርሳ ነበር። ለወይዘሮ ዘርፈሽ ደጋግማ ደወለች፤ መስመሩ እምቢ አለ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሁሉ ያስደነግጣታል፤ ግን አሁን የሚነዳው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቀለሙን እንኳ አልጠየቀችም። አንዱ አለፈ። ሌላው አለፈ። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፋንታ ቆየኝ፣ ብቻ ቆየኝ ትላለች በልቧ።

መሐል መንገድ ያለችው ግንደወይን ሲደርሱ ኔትወርክ መጣ።

ስልኳ እንደ ወፍ ጮኸ።

ወይንእሸት መጀመሪያ አልገባትም። ያን ድምፅ ከሰማችው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አጠገቧ ያለው ሰው ስልክ መሰላት። ከዚያ አየችው። የፋንታ ስልክ ቤት ገብቷል። ቢቸና አይደለም፤ ሞጣ፣ እቤቷ፣ የመንገዱ መግቢያ ላይ ቆሟል። እሷ ወደ እሱ ስትበር እሱ ወደ እሷ በርሮ፣ ካለፉት ሁለት የጭነት መኪኖች በአንዱ ውስጥ ሆኖ አጠገቧ አልፏል። በሩን ቆልፋበታለች፤ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አሁን ይወርዳል፣ መቆለፉን ያያል፣ ይመለሳል። ስክሪኑን እያየች ጠበቀች። የፋንታ ስልክ ከዋይፋዩ አልወጣም። ትንሽ ቆየና ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ገባላት፤ አንዲት ቃል ብቻ።

«ደርሻለሁ።»

«እንዳትሄድ፣ መጣሁ» ብላ ጻፈችለት፤ ፊደሉ በእንባዋ እየተደበላለቀባት።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

ረዳቱ ዞር ብሎ አያት። «እንዴ እታለም፣ ቢቸና አላልሽኝም? ገና ግንደወይን ነን እኮ።»

«ደርሻለሁ» አለችው። ወርዳም ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና ወደሚቆምበት ጎን ተሻገረች።